ለጉማሬ የተገዛ ሞተር

ገድሉ ባጃጅ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ልቡ ግን ታላቅ ወንድሙን አንዳርጋቸውን ጉማሬ ሐይቁ ዳር በቆሎው ውስጥ ወገቡን ነክሳ ከገደለችው ወዲህ ጠቁሯል። ዓመቱን ሙሉ ሲበይድ ከርሞ ጥጃ የሚያህል በሪሞት የሚነዳ መኪና ሠራ። የቀረው ሞተሩ ብቻ ነበር። ባሕር ዳር ገበያ ወርዶ ከሞተር ነጋዴው ከኑርሑሴን ሱቅ ገባ።

ኑርሑሴን ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ከፊቱ አስቀመጠ።

«ይኼ ቀጭኑ ፈጣን ነው፤ ሸክም ሲበዛበት ግን ግሎ ይቃጠላል። ወፍራሙ ቀርፋፋ ነው፤ ጭቃም ውኃም አይገባው፣ ግድግዳ ሲገፋ ቢውል አይበገርም። ለምንህ ነው?»

«ጉማሬ ከበቆሎ ላባርርበት።»

«እንግዲያ ቀጭኑ ይበቃሃል! መብራት ካየች፣ ጩኸት ከሰማች ትሸሻለች። ልትገፋት አይደለም እኮ!»

ገድሉ ወፍራሙን አነሣ። «የማይሞተውን ነው የምፈልገው» አለ። ኑርሑሴን ዓይን ዓይኑን አየው፤ ነጋዴ ነውና ጠቅልሎ ሰጠው።

ገድሉ ቤት ሲደርስ የሟች ወንድሙን ማረሻ ከመኪናው ግንባር ላይ በየደው። የአንዳርጋቸው ሚስት ሥርጉት አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

«መብራትና ክላክስ ነው ብለኸኝ አልነበር? ይኼ ምንድን ነው?»

«ደሙን ልመልስ ነዋ!»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! አውሬ ምን ያውቃል ገድሌ? እኔ በቆሎዬን ሰብስቤ ልጆቼን ላብላ።»

«አንቺ አጥሩ ጋ ቁመሽ እዪ፣ እትዬ።»

ወይ አለመስማት!

ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዲት ጉማሬ ግልገሏን አስከትላ ከሐይቁ ወጣች። ገዳይዋ ትሁን ሌላ ማን ያውቃል? ገድሉ መች ጠየቀ! መኪናውን ለቀቀባት። ማረሻው ጎኗ ላይ ሲሰካ ምድር እስኪናወጥ ጮኸች፤ ደሟ በቆሎውን ረጨው። መኪናውን ነከሰችው፣ ረገጠችው፣ አገላበጠችው። ያ ጉደኛ ሞተር ግን ምንም አልሆነም፤ መኪናው ከጭቃው ተነሥቶ ደግሞ ወጋት።

«በላት! በላት!» እያለ ገድሉ ይዘላል።

ያን ጊዜ ግልገሉ ደንብሮ ወደ አጥሩ ሮጠ። እናቱም ደሟን እያዘራች ተከተለችው። ሥርጉት እሱ ቁሚ ያላት ቦታ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተቋረጠ።

ገድሉ ሪሞቱን ወርውሮ ሲደርስ ጉማሬዋ ግልገሏን ይዛ ውኃው ገብታለች። የሥርጉት ደረት ደቅቋል። «ልጆቼን...» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ልቅሶው ላይ ኑርሑሴን መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። «አላህ ያጽናህ» አለው። የሥርጉት ልጆች ፊት ለፊታቸው ኩርምት ብለዋል።

ገድሉ ቀና አላለም። «ሞተሩን ጠዋት አየሁት፤ ደኅና ነው» አለ። ከዚያ ደረቱን ይደቃ ጀመር።

«ቀጭኑ ይበቃኝ ነበር፣ ኑርሑሴን! ቀጭኑ ይበቃኝ ነበር!»