የእትዬ አየለች ደብተር

ተሻገር ከራሱ ጋር ተኳርፎ ሰንብቷል። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሄልፕ ዴስክ ላይ ይሠራል፤ የሞተ ኮምፒውተር እጁ ሲነካው ይነሣል ይሉታል። አለቃው የአይቲ ሰርቪስ ማኔጅመንት ትሬኒንግ ከወሰደ ክፍሉን እንደምታስረክበው ነግራዋለች፤ መልሱን እስከ ሰኞ ማታ ትጠብቃለች። ትምህርቱ ግን ስለ ማሽን አይደለም። ብልሽት ሲመጣ ማን ይመዝግብ፣ ለማን ይነገር፣ ማን ይቅደም፣ ካለፈ በኋላስ ምን ይጠየቅ፤ ይኸው ነው። «ወሬ በሰርተፊኬት» ብሎ ንቆታል። ደግሞም አሥራ ሁለት ቅዳሜ ይበላል፤ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር የሚውልባት ብቸኛ ቀኑ ናት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቱ ሳለ እትዬ አየለች ደወሉ። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ስልካቸው ላይ ፊደል ለማጉላት እንኳ የልጅ ልጅ የሚጣሩ አሮጊት ናቸው።

«የንጋቱ እናት ደሴ ላይ ዐርፈዋል» አሉት። «እሱ አውቶብስ እየነዳ ነው፤ እስከ ከሰዓት አይወርድም። ቤቱ ገብቶ፣ ሰው ከብቦት ነው መርዶውን የሚረዳው። አንተ የእድሩን ወንበር ጭነህ ና።»

ንጋቱ ወዳጁ ነውና ተሻገር ከልቡ አዘነ። እጁ ከአእምሮው ቀድሞ የእድሩ የቫይበር ቡድን ላይ «የንጋቱን እናት ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ንጋቱም እዚያው ቡድን ውስጥ መኖሩ ትዝ ያለው ከላከ በኋላ ነው። ቶሎ አጠፋው፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወዳጁ አውቶብስ ሙሉ ሰው ጭኖ የእናቱን ሞት ከስልክ ሲያነብ ታየው።

«እትዬ፣ ሳላስበው ፖስት አደረግሁት» አለ ደውሎ። «ዲሌት አድርጌዋለሁ፤ ግን ካየውስ?»

«እኔም አይቼዋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «እሱ ግን አያየውም። የእድራችን አበጀ ከማለዳ ጀምሮ አውቶብሱ ውስጥ ከኋላው ተቀምጧል። ታኮማ ፓርክ ፌርማታ ላይ ሲቆሙ ስልኬ ሞተብኝ ብሎ የንጋቱን ስልክ ተውሷል፤ ቤት እስኪገቡ አይመልስለትም። ወንበሩን ጫንክ?»

ንጋቱ ቤቱ ሲገባ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቁት። ነገሩት። ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ በግራም በቀኝም ነበረ። ተሻገር ማን የት እንደቆመ ልብ ብሎ አየ፤ አንዱም በአጋጣሚ የቆመ አልነበረም። ገረመው፤ ትንሽ ፈራም።

ሰኞ፣ በሳልስቱ፣ እትዬ አየለች አምስት ሰው ለብቻ ጠርተው ደብተራቸውን አወጡ። ተሻገር ከአምስቱ አንዱ ነበር፤ ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። እሳቸው ግን ማን ነው አላሉም። «ወሬው የት ላይ ነው የሾለከው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ማንነትህን ማን ጠየቀህ? ያዘነ ሰው ይሳሳታል። ከእንግዲህ መርዶ ነጋሪዎቹ ‹ነግረናል› እስኪሉ ቡድኑ ላይ ማንም እንዳይጽፍ ይዘጋ። አዘጋጉን አንተ ታውቅበታለህ። እንካ፣ ጻፈው።»

ባዶ ገጽ ሲፈልግ ወደ ኋላ ገለጠና የራሱን ስም አገኘ። የዛሬ አራት ዓመት የተጻፈ ነው።

«ተሻገር፤ የአባቱ መርዶ። ስልኩን ሚስቱ ሶሊ በስህተት የወሰደች መስላ ይዛ ትውጣ። የእድራችን እስክንድር በመንገዴ ነው ብሎ ከአሌክሳንድሪያ ያምጣው፤ ራሱ እንዳይነዳ። ልቡ ስስ ነው፤ ሁለት ሰው በቀኙ ይቁም።»

ያን ቀን እስክንድርን ለምን ታዘግማለህ ብሎ መንገዱን ሙሉ ሲነዘንዘው ነበር። ሶሊንማ ስልኬን ይዛብኝ ጠፋች ብሎ እስከ ዛሬ «ዝንጉ» ይላታል። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ያን ቀን የወደቀው በሰው እጅ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ወለል ላይ የወደቀ ይመስለው ነበር። ጽሕፈቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ።

ደንቡን ጽፎ ሲጨርስ ደጅ ወጣና ለአለቃው «እማራለሁ» ብሎ ላከላት። ቀጥሎ ሶሊ ጋ ደወለ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን አንቺ ያዥልኝ፤ ትሬኒንጉን ልወስደው ነው» አላት። ቀጥሎም፣ «ዝንጉ እያልኩ የኖርኩትንም ይቅር በዪኝ» አለ።



«ማን ነገረህ?» አለች ሶሊ።