ከእማማ ጋር የሚቀር ሰው

ኡዶም ስፒሎቹን ከአፉ አንድ በአንድ አውጥቶ ጨርቁ ላይ ሰካና ስልኩን አነሳ። የደወለችው ፓታያ አጠገብ ጆምቲየን ባህር ዳርቻ ያለው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች።

"ክፍሉ ወደ ባህሩ የሚያይ ነው ጋሼ። አንድ ሰፊ አልጋ ይሁን ወይስ ሁለት?"

ፊት ለፊቱ አንዲት ሴት የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ ልትወስድ ተቀምጣለች። ኡዶም ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ አሰበና ተወው።

"አንድ ሰፊ አልጋ" አለ። "ሁለት ወንዶች ነን።"

"ለዚህ አያስቡ፤ አብዛኞቹ እንግዶቻችን እንደናንተው ናቸው። ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። የሁለታችሁን ስም ይስጡኝ።"

"ኡዶም። እና ዊራት።"

ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ግሎ ነበር። ሁለቱን ስሞች አከታትሎ ለማያውቀው ሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሴትዮዋ የቀሚሱን ጠርዝ እያገላበጠች፣ "ፓታያ ልትሄድ ነው እንዴ? ታድለህ" አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ኡዶም ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ኮራት ከተማ ውስጥ የተማሪና የመምህራን የደንብ ልብስ በመስፋት ይታወቃል። ዊራት በስድስት ዓመት ይበልጠዋል፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ለሰፈሩ ሰው ኡዶም የመምህሩ ጓደኛ ነው፤ ለዊራት ዘመዶች ደግሞ ቤቱ ውስጥ ክፍል የተከራየ ልብስ ሰፊ። በሰው ፊት ዊራትን "መምህር" እያለ አንቱ ይለዋል። በሩ ሲዘጋ አንተ ይባባላሉ። የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች እንዲጋቡ የሚፈቅደው ሕግ የወጣ ዕለት ዜናውን አብረው ነበር ያዩት።  ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ "ጡረታ ልውጣና" ያለው ዊራት ራሱ ነው።

ጡረታው ባለፈው ወር መጨረሻ ሆነ። ለሦስት ወር ያህል ኡዶም እራት ከበሉ በኋላ ስልኩን ይዞ ጡረታውን የሚያከብሩበትን ጉዞ ሲያስስ ከረመ። እንደነሱ ያሉ ሰዎች ጥላ ሥር የሚቀመጡት በየትኛው የባህሩ ዳርቻ እንደሆነ ያውቃል። ጠዋት ማዕበሉ ስንት ሰዓት እንደሚሸሽ፣ የተጠበሰ ሸርጣን የሚያዞሩት ሴቶች በየት በኩል እንደሚመጡ፣ ሰው በየትኛው መንገድ እየጨፈረ እንደሚያመሽ ሳይቀር አጥንቷል። ከአንድ ሰማያዊ አበባማ ጨርቅ ሁለት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ሰፍቷል። ዊራት ሸሚዙን ለክቶ በመስታወት ሲያይ ቆየና፣ "ይኼን የለበስኩ ዕለት ሰው ምን ይለኛል?" ብሎ ሳቀ። ግን አላወለቀውም፤ እራቱን በሱው በላ።

ሆቴሉ በደወለለት ዕለት ኡዶም ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ቤት ሲደርስ የማሊዋን መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ማሊዋን የዊራት ታላቅ እህት ናት፤ ሁለት መንገድ ተሻግራ ትኖራለች። ሳሎን ገብታ ፓፓያ ሰላጣ አቅርባ እየበላች ነበር። ዊራት አጠገቧ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

"ና ኡዶምዬ፣ ቅመስ" አለችው። "ይኼ ወንድሜ ፓታያ እሄዳለሁ ብሎ አያስቀኝ መሰለህ? ብቻውን ሄዶ ምን ሊሠራ? ጡረታ ወጥቶ የሚያሳዝን ሽማግሌ ይመስላል ብዬ ሁላችንም ልንሄድ ተነጋገርን። ልጆቼም፣ የልጅ ልጆቼም። አሥራ አንድ ሰው ሆንን። ሚኒባሱን ይዘነዋል።"

ኡዶም ዊራትን አየው። ዊራት ብርቱካኑን እየላጠ ነው። ልጦ ጨርሶ ነጩን ክር አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር።

"መቼ ነው የምትሄዱት እትዬ?"

"ሐሙስ ጠዋት። የሕፃናት መዋኛ ያለው ሆቴል አግኝተናል።"

ሐሙስ እሱ ለሁለታቸው ክፍል የያዘበት ቀን ነው።

"አንተን ላስቸግርህ ነው" አለች ማሊዋን አፏን በጨርቅ እየጠረገች። "ከእማማ ጋር የሚቀር ሰው ያስፈልጋል። የምትወጋውን መርፌ አንተ ነህ የምታውቀው። ምግብም ካንተ እጅ ካልሆነ አትበላም፤ እኔን እኮ ትተፋብኛለች። ደግሞ አንተ እንግዳ አይደለህም፣ ቤተኛ ነህ። ፎቶ እንልክልሃለን።"

"መምህር ምን ይላሉ?" አለ ኡዶም።

ዊራት ቀና አለ፤ ዓይኑ ግን ኡዶም ላይ አላረፈም። ከኋላው ያለው ግድግዳ ላይ ነበር።

"ለአምስት ቀን ነው" አለ። "ካላስቸገረህ።"

ማሊዋን ብርቱካኑን ከወንድሟ እጅ ወስዳ ገምሳ ለኡዶም ሰጠችው። ኡዶም ተቀብሎ ያዘው። አልበላውም።

የዊራት እናት እማማ ሳንግዋን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ስኳሩ እግራቸውን ከያዘው ወዲህ የሚውሉት በጓሮው መስኮት በኩል ባለው ክፍል ነው። ኡዶም ገንፎውን ይዞ ሲገባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የመጀመሪያውን ማንኪያ ዋጡና፣

"ማሊዋን ሄደች?" አሉ።

"ሄደች እማማ።"

"እኔን ሰበብ አደረጉኝ አይደል?"

ኡዶም ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደገፈ። "ማንም እንደዚያ አላለም።"

"እግሬ ነው የታመመው፤ ጆሮዬ ደህና ነው" አሉ እማማ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱለት።

ዊራትን ጓሮ አገኘው፤ የደረቀውን ልብስ ከገመድ ላይ ያወርድ ነበር። ፀሐይዋ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ደርሳለች። ኡዶም ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ማውረድ ያዘ። 

"ምን ልበላት?" አለ ዊራት። "ከአፌ አምልጦኝ ፓታያ አልኩ። ወዲያው ልጆቿ ጋ ደወለች። ምን ልበላት?"

"ኡዶም አብሮኝ ይሄዳል በላት። ሦስት ቃል ናት።"

"ከሦስት ቃል በኋላ የሚመጣውን አንተ አታውቀውም።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሰማው ኖሬ እንዴት አላውቀውም? ጓደኛው ነው፣ ተከራዩ ነው፣ ቤተኛ ነው። ዛሬ ደግሞ አስታማሚ ሆንኩ።"

"ድምፅህን ቀንስ፤ እማማ ትሰማለች።"

"እማማ ከሰሙ ቆይተዋል።"

ዊራት አንሶላውን ደረቱ ላይ አቀፈ። ፊቱ ደክሟል። "በሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን" አለ። "ሁለታችን ብቻ። እምልልሃለሁ።"

"መጀመሪያ ምክትል ርእሰ መምህር ልሁንና አልክ። ሆንክ። ቀጥለህ ጡረታ ልውጣና አልክ። ወጣህ። አሁን ማን እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?"

ዊራት አንሶላውን ማጠፍ ጀመረ፤ ጫፍና ጫፉ አልገጥም አለው። በሌላ ቀን ቢሆን ኡዶም ሌላውን ጫፍ ይዞለት ሁለቱ ወደ መሃል እየተራመዱ ያጥፉት ነበር። አሁን ግን ቆሞ አየውና ቅርጫቱን ይዞ ገባ።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ የሚሰፋ ነገር ጠፍቶ አልነበረም። ኡዶም ግን እስከ እኩለ ቀን ከአንድ ኮሌታ በላይ አልሠራም። እጁ ይሠራና ይፈታል። ንዴቱ በዊራት ላይ ብቻ ቢሆን ይቀለው ነበር። ራሱንም አስታወሰ፦ የማሊዋን ልጅ ስታገባ ሠርጉ ላይ አልተጠራም፤ የሙሽራዋን እናት ቀሚስ ግን ሰፍቶ በእጁ አድርሷል። ዘመድ አዝማድ ለበዓል ሲመጣ አልጋውን ለቆ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ አንጥፎ ይተኛል። ያንን ያደረገው ማንም ሳይለምነው ነው። ትራሱን አንስቶ የሚወጣው ራሱ ነበር።

ኮሌታውን አስቀምጦ ሆቴሉ ጋ ደወለ። ያችው ልጅ አነሳችው።

"ለአንድ ሰው አድርጊው" አላት።

"ጓደኛዎ አይመጡም?"

"ይመጣል። ከቤተሰቡ ጋር ሌላ ሆቴል ያርፋል።"

 "ይቅርታ ጋሼ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "እንዲህ የሚያጋጥማቸው ብዙ ናቸው።"

"ምን ያደርጋል" አለ ኡዶም። "ባህሩ እንደሆነ ያው አንድ ነው።"

ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ከእራት በፊት፣ ዊራት ሻንጣውን አስተካክሎ ሳሎን ሲመጣ ኡዶም ከእማማ ክፍል ጠራው።

"ና እስቲ እጅህን ታጠብ።"

ዊራት እጁን እያደረቀ ገባ። አልጋው ላይ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ ጥጥና መርፌ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ሰዓቱና መጠኑ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። እማማ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"ምንድን ነው?" አለ ዊራት።

"የነገ ጠዋቱን የምትወጋቸው አንተ ነህ። ወይም እትዬ ማሊዋን። የኔ አውቶቡስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል።"

"የት ልትሄድ?"

"ጆምቲየን። ክፍል ይዣለሁ።"

ዊራት አንዴ እናቱን አንዴ ኡዶምን አየ። "እኛ እኮ በሦስት ሰዓት ልንነሳ ነው። አሥራ አንድ ሰው..."

"አውቃለሁ።"

"ለማሊዋን ምን ልበላት?"

"ያሰኘህን። ይልቅ የዛሬ ማታውን አንተ ወግተህ ልመድ፤ መድኃኒቱን እስከ አሥራ አራት ቁጥር ነው የምትስበው። አየር ከገባ በጣትህ መታ መታ አድርገው። ሆዳቸው ላይ፣ ከእምብርታቸው ሁለት ጣት ራቅ አድርገህ ቆዳውን ቆንጥጠህ ትይዛለህ። ከዚያ ሳትፈራ ትወጋለህ። ከፈራህ ነው የሚያማቸው።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት በየቀኑ ሁለት ጊዜ የተደረገ ነገር ነው። ዊራት መርፌውን ሲይዘው ግን ጠመኔ እንደያዘ ጀማሪ መምህር አያያዙ ጠፋበት። መድኃኒቱን ሳበ፤ በዛበት፤ መለሰው። እማማ ሳንግዋን ሸሚዛቸውን በራሳቸው እጅ ከፍ አደረጉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ዊራት የእናቱን ቆዳ ቆነጠጠ። መርፌውን አስጠግቶ ቆመ። ቀና ብሎ ኡዶምን አየው፤ ይህን አስተያየት ኡዶም ያውቀዋል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ባየው ቁጥር የያዘውን ከእጁ ሲቀበለው ኖሯል።

ኡዶም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።