ቫይረሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ

ጋሽ ዓምሃ የእድራቸውን ታሪክ በቃላቸው እየነገሩኝ፣ በምሠራበት የጽሕፈት ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍ ቆየሁ። በእጅ የተጻፈ ነገር የላቸውም፤ ዓይናቸው ደክሟል። ቅዳሜ ጠዋት ሊያሳትሙት ሲመጡ ፋይሉ አልከፈት አለኝ። በግድ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። ሌላ ቅጂ አላስቀመጥኩም።

«ቫይረስ ነው» አለ የሱቁ ባለቤት ኑሪ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ። «መድኃኒቱን የሚሸጡት ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። አልነገርኩህም፣ መሳይ?»

«እነማን?» አሉ ጋሽ ዓምሃ።

«ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ናቸዋ! ሰው ካልታመመ ማን ይገዛቸዋል?»

እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት አዲሱ ገበያ ፊልም አስጭኜ ፍላሼን እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሳላነብ ዘጋሁት።

ብናገር ኑሪ ሊያባርረኝ ይችላል። ደግሞም ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ጋሽ ዓምሃ ግን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም የማይታያቸውን ስክሪን ያያሉ።

«ጋሽዬ... እኔ ነኝ። ማለቴ፣ በፍላሼ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ኑሪ ሳቀ። «አንተ? ደንበኛ እንኳ ቀና ብለህ የማታይ ልጅ ቫይረስ ልትሠራ!»

«አልሠራሁትም። አመጣሁት እንጂ።»

«ፍላሹ ላይስ ማን አደረገው? ወላሂ፣ ዞሮ ዞሮ እነሱው ናቸው!»

«ተወው፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ዓምሃ። «ቆይ ግን፣ እነዚህ ሰዎች ከጉለሌ እድር ምን ፈልገው ነው?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደገና ላስረዳቸው አስቤ ደከመኝ። ወንበር አቀረብኩላቸውና ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲነግሩኝ አዲስ ገጽ ከፈትኩ።

«እሺ... ያኔ ድንኳን አልነበረንም። የመጀመሪያውን ሸራ ከቤቱ አውጥቶ የሰጠን ሰው...» ግንባራቸውን አሹ። «ባለፈው ነግሬህ ነበር። ማን ነበር?»

ስሙን በእነዚህ ጣቶቼ ጽፌዋለሁ። አሁን ግን ከየትም አልመጣ አለኝ። ኑሪ ከጀርባችን ስለ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ማውራቱን አላቆመም።

«አላስታውስም፣ ጋሽዬ።»

«እሱም አርፏል፤ ልጆቹም ሰፈሩን ለቀዋል። የሚጠየቅ የለም» አሉ። «በቃ፣ ቦታውን ክፍት ተውለት።»

ተውኩለትና ቀጠልን።