ተው የሚለው ያጣ ሥጋ

ደብሪቱ ጡቷ ላይ ያለችውን እብጠት ገላዋን ስትታጠብ አገኘቻት። ያኔ ባቄላ ብታክል ነው። ያለው የሚባለው ባሏ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ጀምሮ አርበኛ ሆኖ ጫካ ነው፤ ልጅ የላቸውም። ለማን ትንገር?

በፋሲካው እብጠቷ እንቁላል አከለች፤ ፈነዳችም። ጠበሉም አላሻላትም። አማኑኤል ገበያ ላይ ሴቶቹ፣ «ያለ ነገር አልመጣባትም» እያሉ ያንሾካሹኩባት ጀመር።

ቁስሉ ሲሸት ተከናንባ ደብረ ማርቆስ፣ ከጣሊያኖቹ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሽበታሙ ሐኪም አያት፤ አስተርጓሚው ሙላት አጠገቡ ቆመ።

«ማነው ይህን ያደረገብኝ?» አለች።

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ሙላት ቃል እየፈለገ፣ «እሜቴ፣ ሥጋችን በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ይላል። አንዷ ለሁለት እየተከፈለች ትባዛለች። መቼ ተባዝታ መቼ እንደምታቆም ከእናት ቅንጣቷ የወረሰችው ሥርዓት አላት። የእርስዎ አንዲቱ ቅንጣት ሥርዓቷ ተበላሸ፤ ብልሽት በብልሽት ላይ ሲደራረብ ማቆሙ ጠፋት። ከእሷ የወጡትም ብልሽቱን ወረሱ፤ ያለ ልክ ይባዛሉ» አላት።

«ማን አበላሸው?»

«ማንም። እንዴት እንደሚበላሽ እኛም ገና አጥርተን አላወቅንም ይላል።»

ደብሪቱ የምትረግመው እንኳ አጣች።

«ቆርጬ ላወጣው እችላለሁ፤ ግን አንዲት ቅንጣት ካመለጠችኝ እንደገና ትጀምራለች ይላል።»

«ይቁረጠው» አለች።

ተቆርጦላት አገሯ ስትመለስ እሳት የሚያጭራት ጎረቤት ጠፋ። «የጣሊያን እጅ የነካት» አሏት። ለብቻዋ አረመች፤ ለብቻዋ ዓመት በዓል ዋለች።

ኅዳር ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ያለው ጠመንጃውን እንደያዘ ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ጣሊያኖቹ ስለ እኔ ምን ጠየቁሽ?»

«ስለ አንተ ማን ጠየቀኝ? የጠየቁኝ ስለ ጡቴ ነው» ብላ ቀሚሷን ገለጠችለት።

ጠባሳውን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው ሳትልኪብኝ?»

«በማን ልላክብህ?»

ያቀረበችለትን በልቶ፣ ጓዶቹ ገደሉ ሥር ይጠብቁት ነበርና ተነሣ። ሲወጣ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ፣ «እግዜር ይማርሽ» አላት። ቀኝ ብብቷ ሥር የወጣችውን አዲስ እብጠት ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ግን፣ «ደህና ግባ» ብቻ አለችው።

በማግስቱ ማጭዷን ይዛ ገብሱ ውስጥ ገባች። ቀኝ እጇ አልነሣ አላት፤ በግራዋ ታጭድ ጀመር።