የታቹ ቤት

ከገቡት ሴቶች መሀል አልጋዬ ላይ የምትተኛው የትኛዋ ናት?

ልብስ ሰፊዋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በበሩ የሚገባውን እግር ሁሉ ትመረምራለች። ሐዘንተኛ አንገቷን ብትደፋ ማን ይጠረጥራታል? ተረከዙ የተሰነጠቀ እግር ገባ። ይቺ አይደለችም። ጥፍሩን ቀይ የተቀባ ገባ። ቀና ስትል የባሏ የአክስት ልጅ ናት፤ «ያጽናሽ» ብላ አቀፈቻት።

ባሏን ከቀበሩት ገና ሳምንት አልሞላም። ብረት በያጅ ነበር፤ ጀልባ ተገልብጦበት ሞተ። በያጅ ባሕር ላይ ምን ይሠራል? ያውም ዓሣ ከቀረበ «ሸተተኝ» ብሎ ሳህን የሚገፋ ሰው! ለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ በሹክሹክታ ይጠያየቃል፤ እሷ ስታየው ሻዩን ፉት ይላል። ሐዘኑና ንዴቱ ተደበላልቀውባት፣ የትኛው እንባ ለየትኛው እንደሚወርድ እንኳ መለየት አቅቷታል።

«ትንሽ ቅመሽ እንጂ፤ ትወድቂያለሽ» አለቻት ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ።

«መሬት ተቀምጬ ከየት ነው የምወድቀው?»

መጀመሪያ የጠፋው የአሮጌው ስፌት መኪናዋ የብረት እግር ነበር። «ሸጥኩት» አላት። ቀጥሎ ውሃ መያዣው በርሜል። ቀጥሎ፣ ይህን መቼም አትረሳውም፣ የሙሽርነታቸው አልጋ። ራስጌው ላይ ሁለት ወፎች በገዛ እጁ የበየደበት፣ ያኔ እጁ ገና ስላልተፈታ አንደኛዋ ወፍ አንገቷ ተጣሞ የቀረበት አልጋ።

«አልጋው የታለ?»

«ቤት ለሌለው ሰጠሁት።»

«ቤት ለሌለው ነው ወይስ ለሌላት?»

ሳቀ። «ኧረ ብዙ ናቸው፤ ቤተሰብ ናቸው» አለ።

በሌላ ቀን ደግሞ፣ ጓሮ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «የታቹ ቤት እየደረሰ ነው፤ አልጋው ገብቷል፤ በሯ ብቻ ቀረች።» የዚያኑ ቀን የእናቷን የከሰል ካውያ በጨርቅ ጠቅልላ ቁርጥራጭ የምታጠራቅምበት ጆንያ ሥር ደበቀችው። አልጋዬን የወሰደች በካውያዬ አትተኩስበትም፤ አለች ለራሷ። ባሏን ግን አልጠየቀችውም። ያቺ ሹል ምላሷ እዚህች ላይ ስትደርስ ተሳሰረች። ብትጠይቀው ይነግራታላ!

ከበሩ ላይ ከባድ ለቅሶ ተሰማ። የገባው እግር ጨው የበላው፣ ሰፊ፣ የጎማ ጫማ ያጠለቀ ነበር። ዓሣ ሻጯ ናት። አለቃቀሷ የጎረቤት አይደለም፤ የገዛ ወንድሟን እንደቀበረች ታነባለች። ይቺ ናት፤ አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ። ጥግ ላይ የተቀመጠው የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሴትየዋን ሲያይ ስኒውን መሬት አስቀምጦ ዓይኑን ሰበረ። ወንድሟ የትልቁ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ሞተረኛ ነው። እሱም ያውቃል ማለት ነው!

ተነሥታ ሴትየዋን በክንዷ ይዛ ወደ ስፌት ክፍሉ አስገባቻት።

«አንቺ ነሽ?»

«ምኑን?»

«የታቹ ቤት ባለቤት።»

ዓሣ ሻጯ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «የኔ ብቻ እኮ አይደለም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ አለችበት።»

«ሁላችሁም?!»

«ጎረቤትሽ ፀጉር ሠሪዋም አለች። የተሰበረ ወንበሯን ሰጥታለች።»

«አልጋዬስ?»

«እሱማ አምሮበታል! ብታዪው፣ ትንንሾቹ ሞልተውበታል።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ለቀቀቻት። «ልጆች ወለደ?»

«ማን?» አለች ሴትየዋ፤ ከዚያ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። «አይ አንቺ! የዓሣ ልጆች ናቸው እኮ! ታች የምንለው ከባሕሩ ሥር ነው!»

ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ባሕሩ ሞቀ፤ ዓሣ የሚራባበት፣ ኮራል የሚሉት ሕይወት ያለው ድንጋይ ነጥቶ ሞተ። የተረፈችውን ደግሞ ትልልቆቹ መርከቦች ወለሉን በሚጠርግ መረባቸው ያፈርሷታል። ሴቶቹ ቢሮ ለቢሮ ዞሩ፤ «ይታያል» ተባሉ። በመጨረሻ በያጁ «የሚጠርጉት ወለል ላይ እንቅፋት እናኑርላቸዋ» አለ። አሮጌ ብረት በሲሚንቶ እያቆመ በጀልባ አወረደ። መረቡ እዚያ ሲደርስ ይያዛል፤ ዓሣው ውስጡ ይደበቃል።

«የሞተ ዕለትስ?»

«የብረት በር እያወረደ ነበር። በር ለዓሣ ምን ያደርጋል አልነው። ‹ቤት ያለ በር ምኑን ቤት ሆነ› አለን። ማዕበሉ ያኔ መጣ።»

«ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

መልሱ የመጣው ከበሩ ነው።

«በኔ ምክንያት ነው እትዬ» አለ ወንድሟ። «እኔ መረቡን የሚጎትተው መርከብ ላይ ነኝ፤ እሱ ደግሞ መረቡን የሚያስይዝ። ብታውቂ ማንኛችንን ትሸሽጊ ነበር?»

«አንተስ መቼ አወቅህ?»

«መረባችን ተቀድዶ የአልጋ ራስጌ ይዞ ወጣ። አንገተ ጠማማዋን ወፍ አየኋት። ሠርግሽ ላይ ያን አልጋ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ?»

«ከዚያስ?»

«አለቃችን ሳያይ መልሼ ወረወርኩት። ‹የሰመጠ ጀልባ ብረት ነው› አልኩ። እሱም ሳይነግረኝ፣ እኔም ሳልነግረው፤ እንዲሁ ቀረን።»

«ሁለታችሁ ተዛዝናችሁ እኔን ብቻዬን አቃጠላችሁኝ!» ጮኸች። ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ። ሌላ ሴት አልነበረችም፤ እሰየው። ግን ለሌላ ሴት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። በዚህ ደስ ይበላት ወይስ ትበድ? ቢጨንቃት ወደ ሴትየዋ ዞራ ወሬ ቀየረች።

«ቤቱ አለቀ?»

«በምዕራብ በኩል ገና ክፍት ነው። መረቡ በዚያ ይገባል። ነገ እንወጣለን፤ ሰው ግን ፈርቷል።»

ልብስ ሰፊዋ ጆንያውን ገለበጠች። ቁርጥራጩ ጨርቅ ወለሉን ሞላው፤ ከሥሩ ካውያው ወጣ። አመዱን አራገፈች፤ ሆዱን በቀሚሷ ወለወለች። ደንበኞቿ ልብስ ሲያመጡ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋባት ክር የማሰር ልማድ አላት። ከመርፌ መያዣዋ አረንጓዴ ክር መዝዛ የካውያው እጀታ ላይ ጠምጥማ ቋጠረችው። ትርፉን በጥርሷ በጠሰች።

ከዚያ ካውያውን ለሴትየዋ ሳይሆን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«ያዝ። ይከብዳታል፤ እስከ ጀልባው አድርስላት።»