ቡራዩ ላይ ብረት ያቀለጠው ማን ነው?

ከማል ዶማውን ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ወረወረና ተንጠላጥሎ ወጣ። «እትዬ የወይን፣ እዚህ ታች ያለው ነገር አፈር አይደለም» አለ እጁን እያራገፈ። «ድንጋይ እንዳልለው እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ዶማዬን ጨረሰው።»

የወይንሐረግ እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ እንዳለ ነው የወጣችው። ቡራዩ ላይ ቤት ሠርተው ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ጉድጓዱም ለሴፕቲክ ታንክ የሚቆፈር ነው። ከማል ያቀበላትን ቁራጭ ስትይዝ እጇ ወደ ታች ወረደ፤ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ጥቁር ነው። የተሰበረው ጎኑ ያብረቀርቃል፤ ላይ ላዩ ደግሞ ወፍራም ገንፎ ተደፍቶ ሲረጋ የሚያወጣው ዓይነት እጥፋት አለው።

ይህን ነገር ታውቀዋለች። ሰበታ መንገድ ዳር ካሉት የብረት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ ፌሮ ሊሆን ሲል ከላዩ ተገፍፎ የሚጣለው ቆሻሻ፣ እነሱ ስላግ የሚሉት፣ ከዚህ ብዙም አይለይም። ግን እዚህ ቡራዩ ጓሮዋ ውስጥ ምን ይሠራል? ጎንበስ ብላ ወደ ጉድጓዱ አየች። ጥቁሩ ነገር ከአንደኛው ግድግዳ እስከ ሌላኛው ተነጥፏል። አንድ የቆየ የዛፍ ሥር መሀሉን ሰንጥቆ አልፎበታል።

«ፋብሪካ ነበረ እንዴ እዚህ?» አለ ከማል።

«ፋብሪካ ሳይኖር ነው የተጣለው» አለች፤ ለራሷም ገርሟት።

ባሏ ሲላስ ሲመጣ አሳየችው። እሱ ያሳሰበው ጉድጓዱ መቼ እንደሚያልቅ ነበር። እሷ ግን ቁራጩን ይዛ አጥር ወደሚጋሩት ወደ ኦቦ ጃለታ ቤት ሄደች። ሰፈሩ በቤት ከመሞላቱ በፊት ይህ ሁሉ መሬት የኦቦ ጃለታ አባት እርሻ ነበር። ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው የበቆሎ ዘር ይለቅማሉ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ጃለታ? ይቺን ከጓሮዬ አወጣኋት። ያውቋታል?»

ተቀበሏት፤ ገለበጧት፤ አውራ ጣታቸውን በእጥፋቱ ላይ አንድ ጊዜ አስኬዱና መለሱላት። «ድንጋይ ነው።» ከዚያ ዘራቸውን ሰብስበው ገቡ። ሁልጊዜ ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ ሳይሉ የማይለቁ ሰው ናቸው። የወይንሐረግ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ቀረች። አሁን የማታውቀው ነገር ሁለት ሆነባት።

ሰኞ ቁራጩን በፌስታል ይዛ ሰበታ ወረደች። በሻይ ሰዓት ትንሽ ፈጨችና ማግኔት አስጠጋችበት። ማግኔቱ ጢም አበቀለ። የሥራ ባልደረባዋ ሔለን ከጎኗ ሆና ስታይ ቆይታ ዱቄቱን ይዘቱን የሚለካው መሣሪያ ውስጥ አስገብታ አነበበችላት።

«ከየትኛው ምድጃ ነው ያመጣሽው? ብረቱን ሳይጨርሱት እኮ ነው የጣሉት። ግማሹ እዚሁ ቀርቷል!»

ያ ነው የወይንሐረግን እንቅልፍ የነሳት። በእነሱ ፋብሪካ ብረቱ ራሱ እንደ ውኃ ይፈስሳል። የድሮ ሰው ምድጃ ግን እዚያ ሙቀት አይደርስም፤ የሚፈስሰው ቆሻሻው ብቻ ነው፤ ብረቱ ሳይቀልጥ እንደ ስፖንጅ ተቋጥሮ ውስጥ ይቀራል። ይህን ኮሌጅ ሳለች አንድ ገጽ በማይሞላ ትምህርት ሰምታዋለች፤ ያኔ ስለ ሩቅ አገር የሚወራ መስሏት ነበር። ማን ነበር ያደረገው? ድንጋዩንስ ከየት አመጣው? በምን ነፋስ አነደደው?

ኦቦ ጃለታ ራሳቸው መጡ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ።

«ያን ነገር ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም።»

ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። «የብረት አር ነው። እኛ እንደዚያ ነው የምንለው፤ ብረት የሚጥለው ስለሆነ። እናቴ የጡምቱ ልጅ ነበረች፤ የብረት አቅላጮች፣ የቀጥቃጮች ልጅ። ሰው ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፤ እነሱን ግን ዐይናቸው ይበላል እያለ ይሸሻል። አባቴ እሷን ሲያገባ ወንድሞቹ ሠርጉ ላይ አልቆሙም። ኋላ እኛ ስናድግ፣ እኅቶቼ የሚያገባቸው እንዳያጡ ብሎ የእሷ ወገኖች እዚህ የጣሉትን የአር ክምር አፈር አለበሰውና ባሕር ዛፍ ተከለበት። ልጆቼ እስከ ዛሬ አያውቁም።»

የወይንሐረግ ጥያቄ ብቻ መጣላት፤ ነውር እንዳይሆን ፈራች፤ ግን አልቻለችም። «እንዴት እንደሚያወጡት ያየ ሰው አለ?»

ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። «የእናቴ ታናሽ እኅት አለች። መናገሻ።»

በሚቀጥለው እሑድ መናገሻ በሚሄድ ሚኒባስ ሁለቱ ሄዱ። አክስታቸው አኮ ድንቅቱ፣ አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፣ ዐይናቸው ደከም ያለ፣ ጆሯቸው ግን እንደ ድመት የነቃ አሮጊት ናቸው። የወይንሐረግ ስትናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት።

«ከመንግሥት ነሽ?»

«አይደለሁም አኮ። ፋብሪካ ነው የምሠራው። ብረት ፋብሪካ።»

«ታዲያ ብረት አንሷችሁ ነው?»

«እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ፈልጌ ነው እንጂ።»

አሮጊቷ ለጃለታ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸውና ሁለቱም ሳቁ። በኋላ ስትጠይቃቸው ኦቦ ጃለታ «ይቺ ልጅ ደህና ናት ወይ ነው ያለችኝ» ብለው ነገሯት።

አኮ ድንቅቱ የሚያስታውሱት ሁሉ የተቆራረጠ ነበር። ልጅ ሆነው ወናፍ ነፍተዋል፤ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይተነፍሳል። ቀይ ከባድ ጠጠር ከወንዝ ዳር ገደል ይለቀማል። ከሰሉ የወይራ ነው፣ ሌላው አይሆንም። ምድጃው ከጭቃ እስከ ሰው ደረት ይቆማል፤ ከሥሩ ቀዳዳ አለው። ስንት ከሰል ለስንት ጠጠር? አያውቁም። ወንዶቹ ናቸው የሚጭኑት፤ ልጆች ወደ ምድጃው አፍ እንዲቀርቡ አይፈቀድም።

«እንሞክረው» አለች የወይንሐረግ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

ምድጃውን የሠሩት በኦቦ ጃለታ ጓሮ ነው። ቀዩን ጠጠር ከቡራዩ ወንዝ ዳር ለቀሙ፤ ከማል ጭቃውን ረገጠ። ሲላስ፣ ሚስቱ አንድ ነገር ከያዘች እንደማትለቅ ስለሚያውቅ፣ ቢያንስ ሥራውን ላቅልል ብሎ ከጓደኛው ጋራዥ የኤሌክትሪክ ነፋስ መስጫ ተውሶ አመጣ። የመጀመሪያው ቀን እሳቱ ጥሩ ያዘ። ጎረቤቶች ጭሱን አይተው ምን እየሠራችሁ ነው ሲሉ ኦቦ ጃለታ «ከሰል እያከሰልን ነው» አሏቸው። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ነፋሱ ቆመ፤ ምድጃው ቀዘቀዘ። ሲከፍቱት ቀይ ጠጠሩ እንደገባ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው፤ ትንሽ ጠቆር ከማለቱ በቀር።

አኮ ድንቅቱ ከመናገሻ ድረስ መጥተው ተቀምጠው ነበርና ከት ብለው ሳቁ። «ወናፍ መብራት አይጠፋበትም።»

ቆዳ ተገዛ። አሮጊቷ በጣታቸው እየዳበሱ ስፌቱን አሳዩ። ሁለተኛው ሙከራ በክንድ ጉልበት እስኪመሽ ተነፋ፤ የወጣው ግን ከከሰል ጋር የተጣበቀ ጥቁር ዝልግልግ ብቻ ሆነ። የወይንሐረግ ሰብራ አየችው። የጠጠሩ ልብ አሁንም ቀይ ነው፤ እሳቱ ከላይ ከላይ ነው የበላው።

«አኮ፣ ጠጠሩ ትልልቅ ሆኖብን ይሆን? እንደ ባቄላ ብንከካውስ?»

አሮጊቷ ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱ። «እናቴ! እናቴ ትወቅጠው ነበር! መጀመሪያ በእንጨት እሳት ትጠብሰዋለች፣ ከዚያ ትወቅጠዋለች። ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝም የነገረኝም አልነበረም።»

ለሦስተኛው ጊዜ ጠጠሩን ጠበሱት፤ ወቀጡት። ከሰሉንና ጠጠሩን እያፈራረቁ ጫኑ። ኦቦ ጃለታ፣ ሲላስና ከማል በወናፉ እየተቀያየሩ፣ የወይንሐረግም በተራዋ ገብታ፣ ክንዷ የራሷ እስከማይመስላት ነፋች። የሚገርመው፣ ከድካሙ ይልቅ ልቧን የያዘው የምድጃው ድምፅ ነበር፤ ከውስጥ እንደ ሰው ይተነፍሳል። አኮ ድንቅቱ ጆሯቸውን አዘንብለው «ጨምሩ»፣ «ቀንሱ» ይላሉ። እሳቱ ቀለሙን ሲለውጥ የምታየው የወይንሐረግ ነች፤ ትነግራቸዋለች።

ያን ቀን ሰው በርከት ብሎ መጣ። አንዷ ጎረቤት «ዛሬም ከሰል ነው ኦቦ ጃለታ?» አለች።

ኦቦ ጃለታ ወናፉን ለከማል ለቀቁለትና ቀና አሉ። ላቡ ከግንባራቸው ይወርዳል። አጠገባቸው ትልቋ ልጃቸው ላሊሴ ቆማለች። «አይደለም» አሉ። «ብረት ነው። የእናቴ ወገኖች እዚህ ቦታ ብረት ያወጡ ነበር። እኔም የእነሱ ልጅ ነኝ።»

ሴትዮዋ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ነጠላዋን አስተካከለች፤ ግን አልሄደችም። ላሊሴ አባቷን ትኩር ብላ አየችና እጅጌዋን ጠቅልላ ወናፉን ከከማል ተቀበለች።

አመሻሽ ላይ ከማል ከሥር ያለውን ቀዳዳ በብረት ዘንግ ወጋው። ቀይ ነገር ዘገም እያለ ወጣ፤ መሬት ላይ ተኛ፤ እጥፍ፣ እጥፍ እያለ ረጋ። የወይንሐረግ ተንበርክካ ፊቷ እስኪለበለብ አየችው። ምድጃውን ሲያፈርሱ ከታች የማር እንጀራ የመሰለ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ እንደ ፍም የሚያበራ ጓል ወጣ። ሲላስ በጉጠት ያዘውና ከማል መዶሻውን አነሣ።

«ሱታ! ሱታ!» ጮኹ አኮ ድንቅቱ። «ቀስ! እንደ ዳቦ ነው፣ ይፈረፈራል!»

ግማሹ ተፈረፈረ። የቀረው ግን ከምት ምት እየጠበቀ መጣ፤ ድምፁም ከታፈነ ወደ ጠራ ተለወጠ። ሲበርድ ከጡጫ የማይበልጥ፣ ጎርባጣ ጥቁር ነገር ሆነ። አኮ ድንቅቱ በመዳፋቸው ይዘው በጥፍራቸው መቱትና ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«ብረት ነው» አሉ፤ ወዲያውም አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ። «ግን ደህና ብረት አይደለም። አባቴ ቢያየው ይስቅብን ነበር።»

የወይንሐረግ ፋብሪካ ወስዳ ስታስለካው አሮጊቷ ልክ ነበሩ፤ አንዱ ጫፍ ለስላሳ፣ ሌላው ጫፍ ተሰባሪ። ሔለን ግን ሥራዋን ትታ ቁሱን ስታገላብጥ ዋለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ እኔም እመጣለሁ ብላ አስጨነቀቻት።

የሚቀጥለው ጊዜ የመጣው በአኮ ድንቅቱ ነው። አንድ ቀን ለኦቦ ጃለታ ስልክ አስደውለው፣ ጥሩው የብረት አፈር የቡራዩ አልነበረም፣ አባቴ በአህያ የሚያስመጣው ከሱሉልታ በላይ ከጫንጮ መንገድ ነበር፣ አሁን ትዝ አለኝ አሉ። አሮጊቷ፣ ኦቦ ጃለታና የወይንሐረግ ሦስቱ ሄዱ። ሜዳው አጥር በአጥር ሆኗል፤ አሮጊቷ የሚያውቁት ዛፍም ቤትም የለም። አዲስ የሚሠራ መንገድ ግን ኮረብታውን ቆርጦት የተቆረጠው ግድግዳ ቀይ ሆኖ ታየ፤ መሀሉ ላይ እንደ ዝገት የጠቆረ መስመር አለ። የወይንሐረግ ማግኔቷን ከቦርሳዋ አወጣች። አኮ ድንቅቱ ማግኔቱን አልጠበቁም፤ አንድ እፍኝ ዘግነው ክብደቱን በእጃቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለኩት።

የመንገዱ ሥራ ዘበኛ ዱላውን ይዞ መጣ። «ምን እያደረጋችሁ ነው እዚህ?»

«ብረት እየለቀምን» አሉ አኮ ድንቅቱ ቀና ሳይሉ።

ዘበኛው አፈሩን አየ፤ አሮጊቷን አየ፤ እንደገና አፈሩን አየ። «ብረት? የቱ ነው ብረቱ?» አለና ዱላውን አስቀምጦ ጎንበስ አለ። የወይንሐረግም ማግኔቱን ሰጠችው።