እድሩ ውስጥ የገባ ድምፅ

ውባንቺ ከቡራዩ ወደ ዊንጌት በሚወስዳት ሚኒባስ ውስጥ የመስኮት ወንበር ካገኘች ቀኑ በደህና ጀመረ ትላለች። መስኮቱ ስር ተጠግታ፣ ስልኳን አገጯ ላይ አስደግፋ፣ ሰበታ ለምታስተምረው ታናሽ እህቷ ለኤልሳቤት ቮይስ ትልካለች። ባሏ መልከጼዴቅ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ከማለት አታልፍም። የምታወራው ጠዋት ጠዋት በስልክ ብቻ ነው፤ ያኔ ግን ታወራለች።

የዚያን ቀን የላከችው ቮይስ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነበር።

«ኤልሲ፣ እንዴት አደርሽ? ትናንት ቀበሌ መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ነበር። ‹ወረቀት ቀርቷል፣ ሁሉም በዲጂታል ሆኗል› የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ልጅቷ ‹ሲስተም የለም› አለችኝ። ድሮ ‹ሰውየው የለም› ነበር የሚሉን። ሰውየው እንኳ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ነበር።»

ጎኗ የተቀመጠው ጎልማሳ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ሳቀ። እሷ ቀጠለች።

«ደግሞ ስብሰባ ጠሩን። ‹ሐሳብ ያለው› አሉ። አንዱ ተነስቶ ሲጀምር ‹ሰዓት የለንም› አሉት። እጅ አውጡ ሲሉን አወጣን። ምን ላይ እንዳወጣሁ ያወቅሁት ማታ ከሬዲዮ ነው። የእኛው ማይክም እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቷል። ገብረየስን ነው የምልሽ፣ የእድራችንን ሊቀመንበር፤ ማይክ ከያዘ ባትሪው ካላለቀ አይለቅም። የኦቦ ቱፋ ጥሩምባ ይቅር፣ ሞት በቴሌግራም ይነገር ሊል ነው። እኔ አልስማማም። የሰው ሞት እንደ ሶፋ ቅናሽ ማስታወቂያ ኪሴ ውስጥ ጢጥ ሊል ነው? ኦቦ ቱፋ የመልኬን ሞት ሲለፍፉ በየበሩ ቆመው ስሙን እስከ አያቱ ነው የጠሩት።»

ጎልማሳው አሁን ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ ስለ ሲስተሙ ያሉት ልክ ነው» አላት። «ስለ እድሩ ግን አላውቅም፣ እኔ ተከራይ ነኝ።»

ራሷን ነቅንቃ ጀርባዋን ሰጠችው። ድምጿን ከሞተሩ በታች ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ። የመልኬን ስልክ አልዘጋሁትም። በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ቦታ እደውልለታለሁ። እንደማይነሳ አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር እንዲጠራ ብዬ ነው። ጠርቶ ጠርቶ ሲያበቃ ምሳዬን እበላለሁ። በይ ደህና ዋይ።»

ልካ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቀለል ቢላት ጊዜ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች።

ዊንጌት ላይ የቀሰቀሳት የጎረቤቷ የሐኒ መልእክት ነው። «እትዬ ውባንቺ፣ ቮይሱ እድሩ ግሩፕ ላይ ነው የገባው። ‹ማይኩ› ሲሉ በሳቅ ሞትኩ።»

ቴሌግራሟ ላይ ከሁሉም በላይ ሰክታ ያስቀመጠቻቸው ስሞች ሁለት ናቸው፤ «እህቴ» እና «እድራችን»። ሁለቱም በ«እ» ይጀምራሉ፣ መነጽሯ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እድራችን መቶ አርባ አባል አለው።

ከሚኒባሱ እንደወረደች ለማጥፋት ከፈተችው። «በመገናኘት ላይ» ይላል። ስልኩን አጥፍታ አበራችው። በመገናኘት ላይ። ያን ጠዋት ኔትወርኩ እንደልማዱ መጥቶ ይሄዳል። የምትሠራበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ገብታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ መስኮት ለመስኮት እየዞረች ቆየች። ሲከፈትላት ቮይሱ የለም። ማን እንዳጠፋው የሚናገር ነገር አልነበረም። ወዲያው ሌላ የሐኒ መልእክት ገባ፦ «ኦቦ ቱፋ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። እርስዎ ነዎት ያጠፉት?»

እሷ አይደለችም። ከእሷ ሌላ ማጥፋት የሚችለው የግሩፑ ኃላፊ ብቻ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ማይኩ።

የተመለሱ መጻሕፍት እየደረደረች ቮይሱን ከመጀመሪያው በሐሳቧ ሰማችው። የስብሰባውን ነገር የሰማ ሰው ወዴት ያደርሰው ይሆን? ጋሽ ገብረየስንስ፣ ለባሏ ለቅሶ ድንኳን ቆመው ያስተከሉላትን ሽማግሌ፣ «ጠርቷል፣ አይለቅም» ብላ እንደ ጎረምሳ «እሱ» ማለቷ! ይህን ሁሉ ግን ይቅርታ ጠይቃ ልትወጣው ትችላለች። የመጨረሻውን ምን ትለዋለች? እሑድ ጉባኤው ላይ ሴቶቹ እጇን ጨብጠው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዩዋት ታያት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን አስተያየት ስትሸሽ ኖራለች።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። የመልከጼዴቅን ቁጥር አወጣችና ሳትደውል ስልኩን መለሰችው። ምሳውንም አልነካችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጭር መልእክት ደረሳት። «ውባንቺ፣ ስትመለሺ ቤት ብቅ በይ። ገ/የስ።»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ በራቸውን አንኳኳች። ጋሽ ገብረየስ በረንዳው ላይ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«ግቢ» አሏት። «ማይኩ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የቱን? ባትሪ ያልሽውን ነው ወይስ ‹እሱ› ያልሽኝን?»

ውባንቺ መሬት መሬት አየች።

«‹እሱ› መባሉንስ ወድጄዋለሁ» አሉ። «ሚስቴ እንኳ አንቱ ትለኝ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሆናት። አርጅቻለሁ ብዬ ነበር።»

«አርጅተዋል እኮ» አለ የሚስታቸው ድምፅ ከሳሎን።

ጋሽ ገብረየስ በሩን መለስ አደረጉና ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ። «ያጠፋሁት ስለ ራሴ ብዬ አይደለም። ስለ ስብሰባውም አይደለም፤ እሱን ስብሰባው ላይ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። መጨረሻው የእድሩ አይደለም፣ ያንቺ ነው።»

ቦርሳዋን በሁለት እጇ ያዘች። «ሌላ ሰውስ?»

«ማንም።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ሒሳብ ነው። ሌላው በሰው ፍጥነት ነው የሚሰማው። እኔ በእጥፍ ነው።» ስልካቸውን አንስተው ጥግ ላይ ያለች፣ ድምፅ የምታፈጥን ትንሽ ምልክት አሳዩዋት። «እድርተኛው ሁሉ ቮይስ ሲይዝ ወሬ ያረዝማል ብዬ ባማርር ይቺን ያሳየኝ ባልሽ ነው። ‹ጋሼ፣ ይቺን ይንኩና ይገላገሉ› አለኝ። ቮይስሽ እንደገባ ከፈትሁት፤ በሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ጨርሼ አጠፋሁት። ማንም ቢቸኩል ገና ጥሩምባው ላይ ነበር።»

ውባንቺ የሐኒን መልእክት አስታወሰች። ኦቦ ቱፋ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ሳታስበው በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ማጥፋቱንም ያስተማረኝ እሱ ነው» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «የእግሬን ቁስል ፎቶ አንስቼ፣ ለሐኪሙ ልጄ ብዬ ለእድሩ የላክሁ ጊዜ ትዝ አይልሽም?»

«ምሳ ላይ ነበርን» አሉ ሚስታቸው ከበሩ ጀርባ።

«መልከጼዴቅ ከቢሮው ደወለልኝ። ‹ጋሼ፣ ፎቶውን በጣትዎ ጫን አድርገው ይያዙት፣ አይፍሩ፣ አይሰበርም› አለኝ። ዛሬም ጣቴን ስጭን ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነበር።»

«‹አይፍሩ፣ አይሰበርም›» አለች ውባንቺ። «ለእኔም እንዲሁ ነበር የሚለው። ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ ሲያመጣ።» ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አላቆመላትም፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጋሽ ገብረየስ መነጽራቸውን አውልቀው ቀድሞም ንጹሕ የነበረውን መስታወት ደጋግመው ወለወሉ።

«ስለ ጥሩምባው ግን አልስማማም» አሉ ኋላ። «ግማሹ አባላችን አዲስ አበባ ውሎ ነው የሚገባው። ጥሩምባውን ማን ይስማው? ሐሳብ ካለሽ እሑድ መጥተሽ ፊት ለፊት ተናገሪ። ማይኩን እሰጥሻለሁ።»

«ይለቁታል?»

«ለሦስት ደቂቃ።»

ከግቢው ስትወጣ ኦቦ ቱፋ በትራቸውን ይዘው ቁልቁል ሲመጡ አገኘቻቸው። የእሳቸው ስልክ ከመደወል ሌላ አያውቅም።

«አካም ጂርታ፣ ውባንቺ?»

«ፈያ፣ ኦቦ። እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይስቃል። ‹በርታ› ይለኛል። ምን አደረግሁ?»

«እሑድ ይምጡ፣ ይሰማሉ» አለቻቸው። ቤቷ እስክትደርስ እግሯ ቀሏት ሄደች።

ገብታ ጫማዋን እንዳወለቀች መጀመሪያ መነጽሯን አደረገች። ከዚያ «እህቴ» የሚለውን ስም አጥፍታ «ኤልሲ ሰበታ» ብላ ጻፈችው። አንዱን ፊደል ለመፈለግ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ገና ሳትጨርስ ስልኩ ጠራ።

«ምነው ዛሬ ድምፅሽ ጠፋ?» አለች ኤልሳቤት። «ከክፍል በወጣሁ ቁጥር ሳይ ዋልኩ። ታመምሽ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ቮይሱ ሌላ ቤት ገባ።»

«የማን ቤት?»

«እነግርሻለሁ።»

«መልሰሽ ላኪልኛ፣ ራት እየሠራሁ እሰማዋለሁ።»

«ጠፍቷል» አለች ውባንቺ። «በአፌ ነው የምነግርሽ። ጊዜ አለሽ?»

«ለአንቺማ።»

ውባንቺ መኝታ ቤት ገባች። የመልከጼዴቅ ስልክ ኮሞዲኖው ላይ፣ ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። አጠገቡ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ስለ መታወቂያውም፣ ስለ ስብሰባውም፣ ስለ ማይኩም የምታወራው ሞልቷል። ዛሬ ግን ከመጨረሻው ጀመረች።